ያውቁ ኖሯል? ሰማዩ ሲከፋ፣ ንግግሩ ሲለሳለስ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሰው የጨረሰው አደጋ የደረሰው ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬኤልኤምና የፓን አም ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም እዚያ የሚያደርሳቸው ጉዳይ አልነበረም። በጎረቤቷ ግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ስለፈነዳ ነው አቅጣጫ ቀይረው የመጡት።

የዚያን ቀን ጉሙ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሳ ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹን፣ አውሮፕላኖቹም እርስ በርሳቸው መተያየት አልቻሉም ነበር። የቀረው ሬዲዮ ብቻ ነው። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ የተሰጠውን የበረራ መስመር ደግሞ ካነበበ በኋላ፣ «አሁን መነሻው ላይ ነን» ሊባልም «እየተነሳን ነው» ሊባልም የሚችል አሻሚ እንግሊዝኛ ጨመረበት። ተቆጣጣሪው ቆመው የሚጠብቁ መሰለው፤ አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሯል። ተቆጣጣሪው «እሺ» አለና ትንሽ ቆይቶ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት ፓን አም «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» አለ። በአንድ ሞገድ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የሚፈጠረው ፉጨት ነው። በኬኤልኤም ኮክፒት ውስጥ ጥርት ብላ የተሰማችው «እሺ» ብቻ ነበረች፤ የቀረውን ፉጨቱ ዋጠው።

አንድ ሰው ግን ጠርጥሮ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ያለማመንታት «ወጥቷል እንጂ!» አለው፤ በዚሁ ነገሩ ተዘጋ። ካፒቴኑ ደግሞ ማንም ሰው አይደለም። የድርጅቱ የ747 አሠልጣኞች አለቃ፣ ፎቶው በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ረዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የበረራ ፈቃድ እንዳላገኙ ነግሮ አንድ ጊዜ አስቁሞት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ ይሉኝታ ለሚያውቅ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ «ቴክኦፍ» የሚባለው ማማው ለመነሳት ሲፈቅድ ወይም ፈቃዱን ሲሰርዝ ብቻ እንደሆነስ? በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል።

«ነዳጅ እያለቀብን ነው» ማለት ብቻውን አደጋ መኖሩን እንደማወጅ እንደማይቆጠር ያውቁ ኖሯል? ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 በመጥፎ የአየር ጠባይ ምክንያት ኒውዮርክ ለማረፍ ተራ ሲጠብቅ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል አየር ላይ ሲዞር ቆየ። ማረፍ ሲሞክር ድንገት የሚለዋወጠው ነፋስ አላስጠጋ አለውና እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ካፒቴኑ በስፓኒሽ «አደጋ ላይ ነን በላቸው» ይላል። ሬዲዮውን የያዘው ረዳት አብራሪ ቀደም ሲል «ቅድሚያ» ጠይቋል፤ አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ «እንደገና እንሞክራለን፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው» አለ። ካፒቴኑ «ነገርካቸው?» ሲለው «አዎ ጌታዬ፣ ነግሬያቸዋለሁ» ብሎ መለሰ። ተቆጣጣሪው ራቅ አድርጎ አዙሮ ሊያመጣቸው እንደሆነ ገልጾ፣ ለነዳጃችሁ ይሆናል ወይ ብሎ ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ «ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ሞተሮቹ ጠፉ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ፣ ኮቭ ኔክ በሚባል መንደር ወድቆ ከ158ቱ ተሳፋሪና ሠራተኛ 73ቱ ሞቱ። ጋኑ ባዶ ስለነበር እሳት አልተነሳም። ዛሬ ነዳጁ ከመጨረሻው መጠባበቂያ በታች ሆኖ እንደሚያርፍ ያወቀ አብራሪ ምን እንደሚል ደንቡ ቃል በቃል ያስቀምጥለታል፦ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል»።

በሬዲዮ እንግሊዝኛ 9 ቁጥር «ናይነር»፣ 3 «ትሪ»፣ 5 «ፋይፍ» ተብለው እንደሚጠሩስ? በሚንጫጫ ሬዲዮ «ናይን» እና «ፋይቭ» በቀላሉ ስለሚምታቱ ነው።

ረዳት አብራሪው በትክክል ያየውን ስህተት በጥያቄ መልክ አቅርቦት 78 ሰው የሞተበት በረራ መኖሩን ያውቁ ኖሯል? ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን በበረዶ ተሸፍናለች። የኤር ፍሎሪዳ በረራ 90 አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት የማረጋገጫ ዝርዝሩን ሲያነቡ፣ ሞተሩን ከበረዶ የሚከላከለው ማሞቂያ ላይ ሲደርሱ ካፒቴኑ «ጠፍቷል» ብሎ መለሰ፤ ወደ ቀጣዩም ተሻገሩ። በረዶ የደፈነው መለኪያ ሞተሮቹ ሙሉ ጉልበት እየሰጡ እንደሆነ በሐሰት ያሳይ ነበር። ረዳት አብራሪው እየተንደረደሩ ሳለ «ይኼ ልክ አይመስልም፣ አይደል?» አለ፤ ደጋገመውም። ካፒቴኑ ልክ ነው አለ። አውሮፕላኑ ከመሬት ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ጋር ተላትሞ ውሃ ውስጥ ገባ። ከሟቾቹ አራቱ በድልድዩ ላይ በመኪና የሚያልፉ ነበሩ። እኔን የሚያስገርመኝ ከመለኪያው ይልቅ «አይደል?» የምትለዋ ነች።

ነፋሱን ቀድሞ የቀመሰ ካፒቴን አስጠንቅቆ ሰሚ እንዳጣስ? ጁን 24 ቀን 1975 ኒውዮርክ ላይ ነጎድጓድ ሳለ፣ ቀድሞ ያረፈ የጭነት አውሮፕላን ካፒቴን ማኮብኮቢያው እንዲቀየር ለማማው ሐሳብ አቀረበ። አንድ ሌላ አውሮፕላን ደግሞ ማረፉን ትቶ ዞረ። ማኮብኮቢያው ግን አልተቀየረም፤ የኢስተርን በረራ 66 ወድቆ 113 ሰው ሞተ። መንስኤውን የመረመረው ቴትሱያ ፉጂታ ከደመና ቁልቁል ተወርውሮ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው የሚበተን ነፋስ መኖሩን ያመለከተው ከዚህ በኋላ ነው። አብራሪውን የሚያታልለው መጀመሪያ ከፊት መጥቶ ማንሳቱ ነው። ወዲያው ቁልቁል ይጫናል፣ ከዚያ ከኋላ ይመጣል።

ከ10,000 ጫማ በታች አብራሪዎች ከሥራ ውጭ ወሬ ማውራት እንደማይፈቀድላቸው ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ይህን ሕግ ያወጣችው በ1981 ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ በ1974 ሻርሎት ከተማ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ ነው። ጉም ወዳለበት ማረፊያ እየወረዱ የነበሩት አብራሪዎች ስለ ፖለቲካና ስለ አሮጌ መኪና ሲጨዋወቱ ከፍታቸውን ሳቱ።

በጉዋም ደሴት ዝናብ ውስጥ በ1997 የወደቀው የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 801 ረዳት አብራሪ «እንመለስ» ያለው ከመሬት ጋር ሊላተሙ ስድስት ሰከንድ ያህል ሲቀራቸው ነው። 228 ሰው ሞተ። ደንቡ ካፒቴኑ ሳይሰማ ሲቀር መሪውን ራሱ እንዲረከብ ይፈቅድለት ነበር።

አቪያንካ ከወደቀ ልክ 20 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2010፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት በነጎድጓድ ሌሊት ተነስቶ ባሕር ውስጥ መግባቱን አንባቢ አይረሳውም፤ የተሳፈሩት 90ዎቹም አልተረፉም። የሊባኖስ መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት በአውሮፕላኑ አያያዝ ላይ አድርገው፣ ረዳት አብራሪው ጣልቃ ለመግባት ማመንታቱንም ጠቅሰዋል። አየር መንገዱ ይህን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ ፍንዳታ ደርሶበታል ሲል ተከራክሯል።

ሬዲዮው ጭራሹን ቢጠፋስ? አብራሪው በመለያ መሣሪያው 7600 ያስገባል፤ ማማው ላይ ያለው ሰውም በባለ ቀለም መብራት ያናግረዋል። የማይጠፋ አረንጓዴ ከታየው ያርፋል፣ የማይጠፋ ቀይ ከታየው ቅድሚያ ሰጥቶ ይዞራል። ጉም ካለ ግን መብራቱ አይታይም። ያኔ አብራሪው መጨረሻ በተሰጠው መስመር መብረሩን ይቀጥላል፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ ከመንገዱ ያነሳለታል።