የቮልስ ደፍ

አዲስ አበባ የሚኖርና ቮልስ የሚነዳ የሶዶ ልጅ ነሐሴ ሲጋመስ የሚያስጨንቀው አንድ ነገር አለ፤ ምንጣፉን ገልጦ ሲያይ የሚያገኘው ውሃ። መስከረም 17 ቅርብ ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በአዋሽ መልካና በጢያ በኩል ሶዶ ውስጥ ወዳለችው ቡኢ የሚያደርሰው መንገድ ለመስቀል አገሩ በሚገባ ሰው ይሞላል። ርቀቱ ከዋና ከተማው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቮልስ ሞተር ይህን ያህል አይፈራም፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለው፣ ውሃ አይፈላበት። የሚያሰጋው ገላው ነው። ቤተሰቡን፣ ቅቤውንና የገበያውን ዕቃ ጭኖ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ከወለሉ ጋር ይቆይ ይሆን?

ቮልስ እንደ ጭነት መኪና ከሥሩ ሁለት ረጅም የብረት ሻንሲ የለውም። ወለሉ ራሱ ሻንሲ ነው፦ መሐል ለመሐል እንደ አከርካሪ የሚሄድ ቱቦ፣ በግራና በቀኙ የተበየደ ላሜራ። የማርሹ ዘንግና የነዳጅ መስጫው ሽቦ በቱቦው ውስጥ ያልፋሉ። ከላይ ያለው ክብ ገላ ዳር ዳሩን በቡሎን ከዚህ ወለል ጋር ይታሰራል፤ ቡሎኖቹ የሚነክሱት ደግሞ የበሩን ደፍ ነው። ደፉ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ይዘልቃል። ከላሜራ የተሠራ ባዶ ሣጥን ነው፤ ባዶ የሆነውም ከሞተሩ የሚነሣው ሙቅ አየር በእሱ አልፎ የተሳፋሪውን እግርና የፊት መስታወቱን እንዲያሞቅ ታስቦ ነው። መኪናው ሁለት በር ብቻ ስላለው ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የፊቱን ወንበር አስጎንብሶ በዚህ ደፍ ላይ ይሻገራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ ከኋላ የተቀመጡት በቮልስ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይህንኑ ደፍ ተሻግረዋል።

አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቮልስ የበላው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። በእኛ ደጋ ጨው የሚበትን ስለሌለ መኪኖቹ ዕድሜ ጠገቡ። ክረምት ግን አለ፣ ጭቃም አለ። የመስታወቱ ጎማ ሲደርቅ ዝናብ ይሰርጋል፤ የበሩ ውሃ መውጫ ቀዳዳ በአፈር ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣል። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ፓራፋንጎው ሥር ተለጥፎ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ደፉ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም የተደራረበውን ላሜራ እየፈለቀቀ ይገፋዋል። ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ የሚታየው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ምልክቱ በሩ ላይ ይታያል። ሲከፍቱት ዝቅ ይላል፤ ለመዝጋት ከፍ አድርጎ መግፋት ይጠይቃል። ባለቤቱ ማጠፊያው አልቋል ብሎ ማጠፊያ ይገዛል፤ የተቀመጠው ግን ምሰሶው ነው፣ ሥሩ ስለበሰበሰ። ክሪክ ሲያስገቡ ደግሞ መኪናው መነሣቱ ቀርቶ ክሪኩ ላሜራውን በስቶ ይገባል።

እዚህ ላይ የሚሠራውን ኃጢአት ሳልናገር አላልፍም። የዛገው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ፣ በላዩ ስቱኮ መለሰን፣ ቀለም መቀባት። ለሁለት መስቀል ያምራል። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የታሰረው ውሃ ግን ሥራውን አያቆምም፤ ስቱኮም ቢወፍር ክብደት አይሸከምም።

ዕውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከመቁረጥ ሳይሆን ከማሰር ነው። ወንበሩና ምንጣፉ ወጥቶ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ከፊተኛው ምሰሶ ወደ ኋለኛው ቱቦላሬ ይበየዳል፤ ከግራ ወደ ቀኝም አንድ ይታከላል። ይህ ካልተደረገ ደፉ በተቆረጠበት ቅጽበት ገላው ይጠማዘዛል፣ በሩም ዳግመኛ ቦታውን አያገኝም። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት አስቀድሞ ተለክቶ ይጻፋል። ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ የሚቆርጥ ባትላሜራ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ አሮጌው ደፍ በግራይንደር ይወጣል፤ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ነው፣ ከገመቱት በላይም ይሄዳል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሚቀመጥ አሲዱ የዚያን ጥግ ወለል ሳይበላው አይቀርም። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ላሜራ ታጥፎ አዲሱ ሣጥን ይሠራል፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ልኬት የሚወሰደው ከወለሉ ነው። መጀመሪያ ነጠብጣብ ብየዳ፣ ከዚያ በሩን ሰቅሎ መሞከር፣ አውርዶ ማስተካከል፣ እንደገና መስቀል። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። ሲጠና እንኳ አጫጭር አድርጎ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እያቀዘቀዙ መበየድ ያስፈልጋል፤ ወፍራም ኤሌክትሮድ ቀጭን ላሜራን ይበሳዋል፣ ሙቀቱም ያጣምመዋል። በመጨረሻ የሣጥኑ ውስጥ በጸረ ዝገት ይረጫል። ይህን የሚዘል ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ የመጨረሻው ሲወጣ የተመረተው ቮልስ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ምርቱ ስለቆመ መለዋወጫ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። አዲስ መኪና መግዛት ይቀላል የሚለው ምክር ደግሞ ዛሬ ብዙ አያስኬድም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ።

ሥራው መያዙን ለማወቅ ቡኢ ሲደርሱ ቤተሰቡን አውርዶ በሩን መዝጋት ነው። ጤነኛ ቮልስ ውስጡ የታመቀ ስለሆነ መስታወቱ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ አየሩ በሩን መልሶ ይገፋዋል፤ ደፉ፣ ምሰሶውና ጎማው ልክ ከገጠሙ የወዲያኛውን መስታወት ጣት ያህል ዝቅ ሳያደርጉ በሩ እሺ አይልም።