ለልጆች የሚተርፍ ጉልበት

ዴቪድ ሊቪንግስተንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአሳሽነቱ ነው። ሰሞኑን ስለ እሱ ሳነብ እኔን የያዘኝ ግን የቤቱ ነገር ነው።

ሐኪምና ሚስዮናዊው ሊቪንግስተን ከባለቤቱ ከሜሪና ከልጆቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1852 በዛሬዋ ቦትስዋና፣ ኮሎቤንግ በተባለ ስፍራ ኖሯል። በማለዳ ጸሎትና ቁርስ፣ ከዚያ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ለትልቅ ለትንሹ ትምህርት ነበር። ከዚያ እሱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እንጨት ይጠርባል፣ አትክልት ይኮተኩታል። እሷ ሻማና ሳሙና ትሠራለች፤ ዳቦዋን የምትጋግረው በተቦረቦረ ኩይሳ ውስጥ ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ መቶ ያህል ሕፃናት ታስተምራለች።

በ1850 የተወለደች ልጃቸው በሳምንታት ዕድሜዋ ሞተች። በ1852 ሜሪና አራት ልጆቿ ወደ ብሪታንያ ተላኩ፤ እሱ ቀረ።

በ1857 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማታ ማታ ድካሙ ከልጆቹ ጋር እንዳያጫውተው፣ እነሱም እሱ በሌለበት እንዳደጉ በጸጸት ጽፏል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። ነርስ ሳለሁ ከአዳር ተረኛነት ስመለስ ልጄ አሻንጉሊቷን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ቆይ፣ ትንሽ ልተኛ» እላታለሁ። ስነቃ እሷ ተኝታለች።

ዛሬ እሷም ከሥራ ደክማ ስትገባ ልጇ ቀሚሷን ይጎትታል። እሷም «ቆይ» ትለዋለች። ባለፈው ሳምንት ማማሰያውን ከእጇ ተቀበልኩና፣ «ወጡን ለእኔ ተዪልኝ፤ አንቺ ሂጂና ተጫወቺ» አልኳት።

እናንተም አያቶች፣ ሁልጊዜ ልጁን ብቻ አትቀበሏቸው፤ አንዳንዴ ድስቱንም ተቀበሏቸው።