ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ የደረት መገጣጠሚያ ድምፅና ሕመም

በየካና በእንጦጦ ተራራ ልምምድ የሚያደርጉ ስፖርተኞች ፑሽ አፕ ሲሠሩ፣ የባሕር ዛፍ ማገዶ በጀርባቸው የሚያወርዱ እናቶችም ሸክማቸውን ሲያሳርፉ ደረታቸው «ቋ» ሊል ይችላል። ድምፁ የጎድን አጥንት በልም አጥንት አማካይነት ከደረት አጥንት ጋር ከሚገናኝበት መገጣጠሚያ ሊመነጭ ይችላል፤ ሕመም፣ እብጠት ወይም የአደጋ ታሪክ ከሌለ በአብዛኛው ሕክምና አያሻውም።

ስፍራው ሲጫኑት ካመመ ኮስቶኮንድራይቲስ ይጠረጠራል። ይህ ግን ብቻውን የልብ በሽታ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ዳገት ሲወጡ ጀምሮ ቆም ሲሉ የሚተው ሕመም የልብ ምርመራ ሳይደረግ የጡንቻ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ለማገገም፣ ሕመሙን የሚያስነሣውን እንቅስቃሴ ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ ቀስ በቀስ መመለስ ይገባል። የዕለት ጉርሷ በሸክሟ ላይ ለተመሠረተ እናት ግን «ይረፉ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም፤ እስሩን አሳንሳ እንድትሸከም መንገር ይሻላል።