ለአረጋውያን መድኃኒትን በሰዓቱ ስለ መስጠት

ወላጅን መጦር በአገራችን የቆየ ግዴታ ነው። ጧሪ ሲባልም የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስጠጋ ማለት ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሥራ ተጨምሯል፤ ይኸውም የአረጋዊውን መድኃኒት በሰዓቱ ማቅረብና በቀጠሮው ቀን ወደ ልዩ ሐኪም ማድረስ ነው። በአዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተው እንደ መቄዶንያ ባሉ መጦሪያዎች ይህ የአስታማሚዎች ሥራ ነው። በሐይቅና በአምባሰል ግን አረጋዊው የሚጦረው አብዛኛውን ጊዜ በልጆቹ ቤት ነው፤ ያረጀውን መነኵሴም በገዳሙ ረድኡ ያገለግለዋል። ስለዚህ ምክራችን ለልጅም ለረድእም ነው።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠቅመው ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። ሕመምተኛው ሕመም ስላልተሰማው «ድኛለሁ» ብሎ ቢተወው ግፊቱ በዝምታ ይመለሳል፤ ከዚያም የአንጎሉ የደም ሥር ሊደፈን ወይም ሊፈነዳ፣ የሰውነቱም አንድ ወገን ሽባ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱ ስለሚደክም ብዙ መድኃኒት ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። በመሆኑም ጧት የተረሳውን ከማታው ጋር ደርቦ መስጠት አደገኛ ነው። ከጎረቤት የተገኘ የቁርጥማት ማስታገሻም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላልና ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ሰዓቱን ለማስታወስ የአገራችን ልማድ ይረዳናል። «በየ12 ሰዓቱ» የተባለ መድኃኒት በእኛ አቈጣጠር ጧት በ12 እና ማታ በ12 ሰዓት ቢሰጥ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ይሆናል። ክርስቲያኑ በነግህና በሠርክ ጸሎት፣ ሙስሊሙም በሱብሒና በመግሪብ ሶላት ሊያስታውሰው ይችላል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ግን ሕመምተኛው መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ይልቁንም የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ተወግቶ ምግቡ ቢዘገይበት ራሱን ሊስት ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን፣ ከዚያም የንስሓ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በዚህ ገዳም ሴት አትገባም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞች ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የቤት ለቤቱ ጉብኝት ለአረጋዊው መነኵሴ በቀላሉ አይደርስም። ረድኡ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት ጽፎ ቢይዝ፣ የሚያልቅበትንም ቀን አስቀድሞ ቢያውቅ ይህን ጉድለት ይሞላል።

ልዩ ሐኪም ለሚያስፈልገው ሕመም ደሴ ከሐይቅ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዐይን ሕክምና ይሰጣል። በሞራ ግርዶሽ ዐይኑ የጠፋ አረጋዊ «እርጅና ነው» ተብሎ በጨለማ መቀመጥ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብርሃኑ ይመለስለታልና። ሐይቅ ያለችበት የተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበረ፤ ቤተ ሰብ መዋጮውን በወቅቱ ቢከፍል ሕመም ሲመጣ ገንዘብ ፍለጋ አይዘገይም።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ ፊደል የቈጠረ ልጅ በየቤቱ አለ። ማታ የአያቱን የመድኃኒት ወረቀት እንዲያነብላቸው፣ የቀጠሮውንም ቀን በግድግዳ ላይ እንዲጽፍላቸው እዘዙት። ይህ ትንሽ ሥራ አንድን አረጋዊ ከአልጋ ያድናል።