ሦስት ጊዜ «የለም» የተባለ ሕመም

የጡት ነቀርሳ፣ በተለመደው አጠራር የጡት ካንሰር፣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሐኪም ከዕብጠቱ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ሲልክ ባለሙያው በሕዋሶቹ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። እነርሱም ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች የሚያርፉባቸው ሁለት ተቀባዮችና ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን ናቸው። ሁለቱ ተቀባዮች ካልተገኙ፣ ፕሮቲኑም ከመጠን በላይ ካልበዛ፣ ሕመሙ «ትሪፕል ኔጌቲቭ» ይባላል፤ በሦስቱም ምርመራ «የለም» የተባለ ማለት ነው። ከጡት ካንሰሮች ሁሉ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ከዚህ ወገን ይመደባሉ።

ታሞክሲፈንን የመሰለ ክኒን የሚሠራው የሆርሞኑን ማረፊያ በመያዝ ስለሆነ፣ ማረፊያው ከሌለ ክኒኑ ከንቱ ነው። ስለዚህ በሽታው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት ከተዛመተ በኋላ ዋናው መድኃኒት ኬሞቴራፒ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ደረጃ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ያራዝማል፣ ሥቃይ ያስታግሣል እንጂ ፈጽሞ አያድንም።

በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ነጋዴ ሕመሙ ተዛምቶ ተገኘባት እንበል። ፓክሊታክሰል በደም ሥር፣ ብዙ ጊዜም በየሳምንቱ ስለሚሰጥ ወደ ሆስፒታል መመላለስ ግድ ይሆንባታል፤ ጠጉሯ ይረግፋል፣ ጣቶቿም ሊደነዝዙ ይችላሉ። ካፔሲታቢን ግን በቤት የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ጠጉርንም እምብዛም አያረግፍም። ሆኖም መዳፍንና ውስጥ እግርን እያቀላ ይልጣል፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። በክረምት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሳንስም የሰውነቷ ሙቀት 38 ዲግሪ ሲደርስ «የጅቡቲ ወበቅ ነው» ብላ ብትተኛ ለሞት ሊያደርሳት ይችላል፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል።

አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ሳሲቱዙማብ ጎቪቴካን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ቤተ ዘመድ ቤት ሸጦ፣ ተበድሮ ውጭ አገር ሊልካት ይመክር ይሆናል፤ የሚገኘው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፤ የሚያስተረጉመው ልጇ ነው። ልጅም ለእናቱ ክፉ ወሬ መንገር ስለሚጨንቀው «ተዛምቷል» የተባለውን «ትንሽ ቁስል ነው» ብሎ ያሻግረዋል። እርሷም ስለ ትንሽ ቁስል የሚመረጠውን ትመርጣለች።