ከጉንችሬ ተነሥቶ የጊቤን ሸለቆ ፎቶግራፍ ለማንሣት ስለሚያስፈልገው ዝግጅት

ፎቶግራፍ ማንሣት ማለት መሣሪያውን ወደሚፈለገው ነገር አዙሮ ቍልፉን መጫን ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፡፡ በሰርግና በክርስትና በዓል ለሚነሣው ሥዕል ይህ አሳብ በመጠኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሙሽራው ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ዘወር በል ሲሉትም ይዞራል፡፡ ገደልና ሸለቆ ግን እንደ ሙሽራ አይታዘዝም፡፡ ብርሃኑ የሚመጣበትን ሰዓት፣ ጭጋጉ የሚገፈፍበትን ወር፣ ውሃው የሚጎድልበትን ጊዜ ጠብቆ ወደ እርሱ መሄድ የሚገባው ፎቶግራፍ አንሺው ነው፡፡ እኛም ይህን የምንጽፈው የሥራው ሊቅ ስለ ሆንን አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ሳንዘጋጅ ሄደን ባዶ እጃችንን ስለ ተመለስን፣ ዘንድሮ ደግሞ እንደዚያ ሆነን ለመመለስ የማያስደፍር ምክንያት ስላለን ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አማታችን የእነሞር ተወላጅ ናቸው፤ የአባታቸው ቤት ከጉንችሬ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ምድሩ ወደ ጊቤ ቍልቍል መውረድ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው፡፡ እንደ ብዙዎቹ የአገራቸው ልጆች ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በመርካቶ በንግድ ሥራ ኖረው፣ ዛሬ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፡፡ ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ሳይሄዱ የቀሩበት ዓመት ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን በአፋፉ ላይ ቆመው ወደ ወንዙ ሲመለከቱ ያያቸው ሰው የለም፡፡ ምክንያቱንም ለልጆቻቸው እንኳ ሳይገልጡ ኖረው፣ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ነገሩን፡፡ የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በሰኔ ወር፣ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ወደ ማዶ የሚደርስ ዕቃ ይዘው ወርደው ኖሮ፣ ወንድማቸውን መሻገሪያው ላይ ደራሽ ውሃ ወሰደው፡፡ «እኔ ያን ውሃ ያየሁት ሞልቶ ነው፤ ጎድሎ ሳላየው መሞት አልፈልግም፡፡ ጕልበቴ አያወርደኝም፤ እናንተ በሥዕል አምጡልኝ» አሉን፡፡

እኛም ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ «በበጋ ውሃ ይጎድላል» ብለን ብቻ፣ የአራት ቀን ፈቃድ ተቀብለን ሄድን፡፡ ውሃው በእርግጥ ጎድሎ ነበር፤ የታጣው እርሱን የሚያሳይ ጥሩ አየር ነው፡፡ በዚያ ወር የቆላው ደረቅ ሣር ይቃጠላል፤ ዝናም ስለሌለም አቧራው አይታጠብም፤ ስለዚህ ሸለቆው ከአፍ እስከ ገደፉ በጭስ ተሞልቶ ቆየን፡፡ ደግሞም ቁርሳችንን ተረጋግተን በልተን ከአፋፉ የደረስነው በ4 ሰዓት ነበር፡፡ ሁለት መቶ ያህል ሥዕል አነሣን፤ ሁሉም እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ፡፡ ከመካከሉ ይሻላል ያልነውን በትልቁ አሳትመን፣ በመስተዋት አስገብተን አቀረብንላቸው፡፡ ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፡፡ «ይህ ጭስ ነው» አሉና መልሰው ሰጡን፡፡ ሥዕሉ እስከ ዛሬ በመሳቢያችን ውስጥ ነው፡፡

የአንድ ወንዝ መልክ ሁልጊዜ እንዳለ የሚቆይ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ታች ይመልከት፡፡ ይኸው ጊቤ ወርዶ ኦሞ ተብሎ ከተጠራ በኋላ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል 243 ሜትር ከፍታ ባለው በጊቤ 3 ግድብ ተገትቷል፡፡ ግድቡ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በፊት ጠባብ ገደል የነበረው ስፍራ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐይቅ ሆኗል፡፡ አገሪቱ ከዚህ የምታገኘው የኤሌክትሪክ ኀይል የታወቀ ነው፤ የቀድሞውን ገደል ፎቶግራፍ ያላነሣ ሰው ግን ከእንግዲህ አያነሣውም፡፡

ወደ ዝግጅቱ እንመለስና፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ወሩ ነው፡፡ በዚህ ረገድ ውሃውና አየሩ እንደ ሁለት ተከራካሪዎች ናቸው፤ ለአንዱ ሲፈረድ ሌላው ይከፋዋል፡፡ በጥቅምት አየሩ በክረምቱ ዝናም ታጥቦ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙ ግን ገና ቀይ ጭቃ ይዞ ይፈሳል፡፡ በየካቲትና በመጋቢት ወንዙ እጅግ ይጎድላል፤ አየሩ ደግሞ እኛ እንዳየነው ይሆናል፡፡ በመካከላቸው ያለው ታኅሣሥ ነው፤ ውሃው በብዙ ጎድሎ፣ ሣሩ ወርቅ መስሎ፣ የቃጠሎውም ጊዜ ገና አልደረሰም፡፡ እኛ በምንሠራበት በፍርድ ቤት የታወቀው ረዥም ዕረፍት የሚውለው በክረምት ስለ ሆነ፣ በታኅሣሥ ፈቃድ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ሆኖም ጠይቀን አምስት ቀን ተፈቅዶልናል፡፡

ለታኅሣሥ የሚመሰክር ሌላም ነገር አለ፡፡ ጉንችሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በእኩለ ቀን ልክ በራስ አናት ላይ ትሆናለች፡፡ በዚያን ጊዜ ምድር ጥላ የላትም፤ ጥላ ከሌለም ገደሉ ከሜዳው፣ ጎድጓዳው ከጉብታው ተለይቶ በሥዕል አይታይም፡፡ በታኅሣሥ ግን ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከራስ አናት 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ ሸንተረሩ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ጥላውን ይዞ ይውላል፡፡

ከወሩ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው፡፡ ጉንችሬ ያለችው ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ነውና፣ ከአፋፉ የሚመለከት ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ የም ተራሮች ነው፡፡ ማታ ፀሐይዋ በማዶው ተራራ ጀርባ ስለምትጠልቅ፣ ተራራው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ይህም ለሚወደው ሰው መልካም ሥዕል ነው፤ መሻገሪያውን ለማሳየት ግን አይጠቅምም፡፡ ጧት ግን ፀሐይዋ ከኋላችን በስተ ግራ በኩል ወጥታ የማዶውን ግድግዳ ታበራዋለች፡፡ በታኅሣሥ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፡፡ በመጀመሪያ የማዶው ተራራ ጫፍ ይቀላል፤ ከዚያም ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ ወንዙ ይቀርባል፤ ወንዙ ግን እኛ በቆምንበት አፋፍ ጥላ ውስጥ ሆኖ ይቆያል፡፡ የሰው ዐይን ብርሃኑንም ጥላውንም አንድ ጊዜ ያያል፤ ካሜራ ግን ይህን አይችልም፡፡ ለጥላው ብርሃን ቢጨምሩለት ተራራው ይነጣል፤ ለተራራው ቢቀንሱለት ወንዙ ይጠቍራል፡፡ ስለዚህ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አጽንቶ፣ ሳይነቀንቁ፣ አንዱን ለብርሃኑ፣ አንዱን ለጥላው አድርጎ ሁለት ጊዜ ማንሣት ይገባል፡፡ በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ፣ ይህ ለስላሳ ብርሃን የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ስለ ቁርስ የሚያስብ ሰው ባለፈው ዓመት የሆነብንን ያስታውስ፡፡

ገደልን ፎቶግራፍ ማንሣት ከጥንትም ድካም ያለበት ሥራ ነው፡፡ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ የመስተዋት ሰሌዳና መድኀኒት በከብት አስጭነው፣ በዚያ ሁሉ ተራራና ሸለቆ አልፈው ያነሷቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ፡፡ በአሜሪካም በኮሎራዶ ወንዝ ላይ፣ ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ገደል፣ ኤልስወርዝና ኤመሪ ኮልብ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፎቶግራፍ ቤት ሠርተው ነበር፡፡ በበቅሎ ወደ ገደሉ የሚወርዱትን መንገደኞች ጧት ያነሷቸዋል፤ ነገር ግን በአፋፉ ላይ ሥዕሉን የሚያጥቡበት ንጹሕ ውሃ ስላልነበረ፣ ኤመሪ ሰሌዳውን ይዞ ምንጭ ወዳለበት ስፍራ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍል ይሮጥና፣ አጥቦ አትሞ፣ መንገደኞቹ ሳይመለሱ ዐቀበቱን በሩጫ ይወጣ ነበር፡፡ ልጃችን ይህን ሰምታ እጅግ ሣቀች፤ የዛሬው ካሜራ ውሃ አይጠጣምና፡፡ ባለቤታችን ግን «ካሜራው ባይጠጣ ያዢዋ ትጠጣለች» ብላ ነገሩን ወደ ቁም ነገሩ መለሰችው፡፡

በእውነቱም ከካሜራው ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፡፡ ምድሩ 1 ሺህ ሜትር ዝቅ ሲል ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ደጋ የለመደ ሰው ሲወርድ በነፋሱ ተታልሎ አይታወቀውም፤ ሲወጣ ግን ፀሐይ በጀርባው፣ ዐቀበት በፊቱ ሆኖ ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ ለሚወርደው ለእያንዳንዱ ሰው 5 ሊትር ውሃ፣ እርሱንም በአንድ ዕቃ ሳይሆን በሁለት ከፍሎ፣ ጥቂት ጨውና ስኳር ጨምሮ መያዝ ይገባል፡፡ ለስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃል፤ ማታ ጉንችሬ ሲመለሱ ቆጮና አይብ አይታጣም፡፡ ዕቃውን በበቅሎ ለማውረድ አስበን ነበር፤ አማታችን ግን ከለከሉን፡፡ በጊቤ ቆላ የገንዲ ዝንብ ስላለች፣ የደጋ ፈረስና በቅሎ ወደዚያ ማውረድ ከብቱን ለሞት መስጠት ነው፡፡

ስለ ወባ ደግሞ አጥብቀን እንናገራለን፡፡ ከክረምት በኋላ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በአገራችን ወባ የሚበረታበት ወራት ነው፤ ለሥዕል የመረጥነው ወር ለበሽታውም የተመረጠ ነው ማለት ነው፡፡ የወባ ትንኝ የምትናከሰው ይበልጡን ከምሽት እስከ ንጋት ስለ ሆነ፣ በወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር፣ ለወጣቶች ምንም ቢያስጎመጅ፣ ከቤታችን ፕሮግራም ተሰርዟል፡፡ ማደሪያው በደጋው በዘመድ ቤት፣ እዚያም በአጎበር ውስጥ ይሆናል፡፡ ከመነሣታችን በፊት ስለሚወሰደው መከላከያ መድኀኒት ሐኪም እንጠይቃለን፡፡ በወንዙ ውስጥም ጕማሬ አለና፣ የአገሩ መሪ ከፈቀደው ስፍራ በቀር ወደ ውሃው ዳር መቅረብ የለም፡፡

ጕዞው ከአዲስ አበባ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ወልቂጤ ያደርሳል፤ ከዚያም በእምድብር በኩል ወደ ጉንችሬ ነው፡፡ መንገዱ በጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ክልል የሚያልፍ እንደ ሆነ ጠባቂዎቹን ማስፈቀድ፣ ድሮን የሚባለውን በራሪ ካሜራም ያለ ፈቃድ አለመያዝ ያስፈልጋል፡፡ በመንደር ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ፡፡ ጀፎረ የሚባለው ሣር የለበሰው ሰፊ ጎዳና፣ ግራና ቀኙ በጎጆና በእንሰት ታጥሮ ሲታይ እጅን ወደ ካሜራ ይጠራል፤ ሆኖም ጀፎረ የመንደሩ ሰው የሚሸመገልበትና ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ እንደ ቤት የሚቈጠር ስፍራ ነውና፣ በመጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ይገባል፡፡ ባለፈው ዓመት ይህን በማድረጋችን ብቻ አልተሳሳትንም፡፡

የቀረው ማን ይውረድ የሚለው ነበር፤ በዚህም ሁለት ሳምንት ተከራክረናል፡፡ ባለቤታችን ከአፋፉ በረዥም ሌንስ ይነሣ አለች፡፡ ልጃችን 16 ዓመቷ ነው፤ በካሜራውም ከኛ ትበልጣለች፤ «ከላይ የተነሣ ወንዝ ክር ነው፤ አያቴ የሚፈልጉት ድንጋዮቹን ነው» አለች፡፡ እውነቷን እንደ ሆነ ዐወቅን፤ ነገር ግን አንድ ልጅ የወሰደ ውሃ ወዳለበት ሌላ ልጅ ማውረድ ለእናትም ለአያትም ቀላል አይደለም፡፡ በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፡፡ በመጀመሪያው ጧት ሁላችንም በአፋፉ ላይ ሆነን የማዶውን ግድግዳ እናነሣለን፡፡ በሁለተኛው ቀን ልጃችንና እኛ ከአገሩ መሪ ጋር ገና ሳይነጋ ወርደን፣ ብርሃኑ መሻገሪያውን ሲነካ አንሥተን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ መውጣት እንጀምራለን፤ ውሃው ከጕልበት በላይ ከሆነ ከዳር እንመለሳለን፡፡ ሦስተኛው ቀን ደመና ቢሆን መጠባበቂያ ነው፡፡ አማታችንም እስከ ዘመዶቻቸው ቤት አብረውን መጥተው፣ ሥዕሉን ሳይታተም በዚያው ማታ በካሜራው መስተዋት ላይ ያዩታል፡፡

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ባለፈው እሑድ አነበብንላቸው፡፡ ውሃውን፣ አጎበሩን፣ ባትሪውን፣ ሰዓቱን አንድ በአንድ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፡፡ ከጨረስን በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከመሻገሪያው ከፍ ብሎ፣ በወዲህኛው ዳር፣ አንዲት ሾላ ነበረች፤ ዕቃችንን ያሳረፍነው ከሥሯ ነው፡፡ ካለች እርሷንም አንሡልኝ» አሉ፡፡ ልጃችን ወረቀቱን ከእጃችን ወስዳ፣ በግርጌው ላይ ሾላዋን ጻፈች፡፡