ጥቁር ወንበር በሐይቅ ዳር ቤት

ስድስት ጥቁር የመመገቢያ ወንበሮች ሊገዙ አስበዋል? ሙሉውን ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ቤት ወስደው አሥር ሰዓት ገደማ ይዩት። ሐዋሳ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነውና፣ ወደ ሐይቁ በሚያይ መስኮት የምትገባው የማታ ፀሐይ የሱቁ መብራት የደበቀውን አቧራና የጣት አሻራ ታወጣዋለች። በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እኔ ብሆን የማያብረቀርቀውን እመርጣለሁ።

ግድግዳዎ ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ ጥቁሩ ጎልቶ ያምራል። መጋረጃውም ጠቆር ካለ ግን ክፍሉ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ መጋረጃውን መቀየር ይቀላል።

ሜትር ይያዙ። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ካነሰ ጉልበት ይነካል፣ ከበዛ ትንንሾቹ ማዕዱ አይደርሳቸውም። የዋንዛ ጠረጴዛ ካለዎት ደግሞ፣ እንዲመሳሰል ብለው ጥቁር እንዳያስቀቡት!